የቀበሌ መዝገቦቹ ሳይጠፉ ይሰብሰቡ

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት

ጤና ይስጥልን። የምጽፍላችሁ ስለ ደርግ ዘመን የቀበሌ መዝገቦች ነው። በፒያሳና በካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወጥቷል። የድሮዎቹ ቀበሌዎች ወረቀትስ የት ገባ? ማን ተረከበው?

ቀበሌ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲቋቋም ዋና ሥራው የቤት ጉዳይ ነበር። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችን ያስተዳድራል፣ የሰፈር ክርክር ይዳኛል። በ1969 ግን ታጠቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት የደርግን ተቃዋሚዎች ለማደን በተካሄደው አሰሳ አብዮት ጠባቂዎች ቤት ለቤት ገብተው ፍራሽ ገለበጡ፣ ደብተር በረበሩ። የጽሕፈት መኪና ቤት መገኘቱ ብቻ ያስጠረጥር ነበር።

ሕዝቡን አንቆ የያዘው ግን ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። መዝገቡም ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ቀበሌ ያውቃል። ከገጠር የመጣች አክስት ልታድር ከሆነ ቀበሌ ትመዘገባለች። ከዚያ መዝገብ ውጭ የሆነ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም። «ልጅሽ ትናንት የት አደረ?» ብሎ እናቲቱን የሚያፋጥጣትና የራሽን ካርዷን የሚሰጣት ቢሮ አንድ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጠያቂው ባዕድ እኮ አይደለም። ልጁን በቁልምጫ ስሙ የሚያውቀው፣ ለቅሶ አብሯት የተቀመጠ ጎረቤት ነው።

የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ቀርበዋል። መስቀል አደባባይም ከ2002 ጀምሮ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አለ። የእያንዳንዱ ሰፈር ታሪክ ግን ያለው በቀበሌ ማኅደር ውስጥ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት መዛግብትን የመሰብሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት የእናንተ ነው። እባካችሁ ወደየወረዳው ባለሙያ ላኩ። መጋዘኑ ይፈተሽ። አሮጌ ወረቀት ነው ተብሎ እንዳይቃጠል ወይም በኪሎ እንዳይሸጥ የሚያግድ ደብዳቤ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጻፉ።

ቤተሰብም በቀይ ሽብር የሞተበትን ሰው ማኅደር ያንብብ። የጠቋሚዎች ስም ሲወጣ ቂም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ይህን ሥጋት አልንቀውም። ነገር ግን መላ አለው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሕግ በምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት የተሰለለ ሰው የራሱን ማኅደር እንዲያነብ ፈቅደዋል፤ የሌሎች ተበዳዮችን መረጃ ግን ይሸፍናሉ። ለእኛ የሚስማማውን ደንብ ከተጎጂ ቤተሰቦች ጋር ተቀምጣችሁ አውጡ።

እስካሁን የተረከባችሁትን የቀበሌ መዝገብ ዝርዝር ይፋ አድርጉልን። የጎደለውን በየሰፈራችን አብረን እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር
የአዲስ አበባ ነዋሪ