ሦስት አንጓ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ሲያትል ተስማማችሁ? ከየት እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ ሦስት ቀን ሞላኝ።

በይቅርታ ልጀምር። እናቴ ያረፈች ጊዜ ደውለህልኝ ነበር። አንዴ ብቻም አይደለም። ስምህን ስልኩ ላይ አይቼ አላነሳሁም። በኋላ እደውላለሁ እያልኩ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ከዚያ እፍረቱ መጣ፣ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ስልኩን ማንሳት እየከበደኝ ሄደ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ሆነ። ሐዘኔን ልትካፈል የደወልክ ሰው ነህ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ወደ ጎልፍ ተመልሻለሁ። ባለፈው እሑድ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ላንግስተን የጎልፍ ሜዳ ላይ፣ በድራይቨር፣ በረጅሙ ዱላ፣ አንድ ኳስ መታሁ። ቀጥ ብላ ሄደች። ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ሜዳው መሀል አረፈች። መጀመሪያ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ለምን እንደሆነ ስነግርህ ይገባሃል።

ዱላዎቹን እናቴ ያረፈች ሰሞን ጋራዥ ውስጥ ከልጆቹ ሳይክል ጀርባ አስገባኋቸው። ላቆም ብዬ አልነበረም። በቃ እጄ አልሄድ አለ። ከዚያ ሥራው በዛ፣ ትንሿ ተወለደች (አዎ፣ ሦስተኛ ልጅ አለችን፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ይህንንም አልነገርኩህም)፣ ቅዳሜና እሑድም መንዳት ጀመርኩ። በዚህ ሚያዝያ ነው አንድ ጠዋት ጋራዡን ሳጸዳ ቦርሳው እጄ የገባው። አቧራውን ጠረግኩና መኪናው ኋላ ጫንኩት።

የሄድኩት ሃይንስ ፖይንት፣ ኳስ መለማመጃው ነው። ስንጀምር የወሰድከኝ ቦታ። ናሽናል ኤርፖርት የታክሲ ተራ እየጠበቅን «ተራችን እስኪደርስ እዚህ ከምንቀመጥ ከወንዙ ማዶ ሄደን አንድ ባልዲ ኳስ እንምታ» ያልከኝን ቀን አልረሳውም። አሁንም እንደዚያው ነው። አውሮፕላኖቹ ከራስህ በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፣ ፖቶማክ ይሸታል። ቦታውን ሳየው ሆዴ ባባ።

ዘጠኝ ቁጥር አይረን፣ አጭሩን የብረት ዱላ፣ አወጣሁ። ደህና ነው። ሰባት ቁጥር፣ እሱም ምንም አይል። ከዚያ ድራይቨሩን አወጣሁ። ኳሷ ተነሥታ ትንሽ እንደሄደች ወደ ቀኝ ትታጠፍ ጀመር፣ ሄዳ ሄዳ ከአጥሩ መረብ ጋር ትላተማለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሃያኛዋም። ስላይስ፣ ይህ ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ ነበረብኝ ብዬ አላውቅም፣ አንተም ታውቃለህ። የኔ ችግር ፐቲንግ፣ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ማንከባለሉ፣ ነበር።

ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። በዘጠኝ ቁጥር ቀጥ የሚል ሰው በድራይቨር እንዴት እንዲህ ይሆናል? አሁን ገብቶኛል። የዘጠኝ ቁጥር ፊት ወደ ላይ የተጋደመ ስለሆነ ኳሷን ወደ ኋላ በደንብ ያሾራታል፣ ይህ የጎኑን ጥምዘዛ ይቀንሰዋል። ድራይቨሩ ግን ፊቱ ሊቆም ምንም አልቀረው፣ የኔ የተጋደመው 9 ዲግሪ ብቻ ነው። የእጅህን ጥፋት አይሸፍንልህም። ስለዚህ ጥፋቱ በሁሉም ዱላ ላይ ነበረ፣ ድራይቨሩ ብቻ ነው አፍ አውጥቶ የተናገረው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ስህተት ነው። ወደ ቀኝ ስትሄድብኝ እኔ ወደ ግራ አነጣጠርኩ። እግሬንም፣ ትከሻዬንም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኳሶች የሠራ መሰለኝ። ግን ትከሻህ ወደ ግራ ከተከፈተ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ኳሷን እየሸረከተ ነው የሚያልፈው፣ ብዙ በሸረከትካት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ትታጠፋለች፣ አንተ ደግሞ ገና ወደ ግራ ትዞራለህ፣ እሷም ገና ትብሳለች። አንድ ወር ሙሉ በዚህ ተመላለስኩ። ዩቲዩብም አየሁ፣ አንዱ ወገብህን ይላል፣ አንዱ ክርንህን፣ አንዱ ጉልበትህን። አንድ ጊዜማ ኳሷ ላይ ቆሜ ስድስት ነገር እያሰብኩ ዱላውን ማንሳት አቃተኝ።

እና አንድ ሌሊት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልኬ ላይ ያሉ የድሮ ቪዲዮዎችን ስጎረጉር አንዷን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. 2018፣ ላንግስተን፣ የረገፈ ቅጠል መሬቱ ላይ። የቀረጽከኝ አንተ ነህ። አትታይም፣ ድምፅህ ብቻ ነው ያለው። «ቆይ ቆይ። ግራ እጅህን እየው። ስንት አንጓ ይታይሃል?» ትላለህ፣ የጣቶቼን ሥር መገጣጠሚያ ማለትህ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ «ሦስት» እላለሁ። «እንግዲያውስ ምታ» ትላለህ። መታሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን ኳሷን ስናያት ይሰማል፣ ነፋሱ ብቻ ነው ያለው፣ ከዚያ አንተ ቀስ ብለህ «እሰይ» አልክ።

አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ተነሥቼ ወጥ ቤት ሄድኩ። የመጥረጊያውን እንጨት እንደ ዱላ ያዝኩትና ወደ ታች አየሁ። አንድ አንጓ። አውራ ጣቴ እንጨቱ አናት ላይ ቀጥ ብሎ ተጋድሟል፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ያለው መስመር ወደ ቀኝ ትከሻዬ መጠቆም ሲገባው ወደ አገጬ ይጠቁማል። ከዚያ ጓንቴን ከቦርሳው አወጣሁ። ገና ወር ተኩል ያገለገለ ጓንት ነው፣ መዳፉ ሥር፣ ከትንሿ ጣት በታች ባለው ወፍራም ሥጋ በኩል፣ ቆዳው አልቆ ተበስቷል። ዱላው ጣቶቼ ሥር ሳይሆን መዳፌ ውስጥ ተኝቶ በመታሁ ቁጥር ሲንሸራተት ከርሟል ማለት ነው። እንዲህ የተያዘ ዱላ ኳሷ ጋ ሲደርስ ፊቱን ለመዝጋት አይመችም። ክፍቱን ይደርሳል። ወገብም ጉልበትም ምንም ቢያደርጉ አያድኑትም።

መልሱ አንተ ዘንድ ነበር እኮ። ከሰባት ዓመት በፊት ነግረኸኛል።

ማስተካከሉ ግን ቀላል አልሆነም። እጄን ወደ ቀኝ ዞር አድርጌ ሦስት አንጓ ሳሳይ የሰው ዱላ የያዝኩ ያህል ባዕድ ሆነብኝ። ሁለት ሳምንት አንድም ኳስ አልመታሁም። ሰባት ቁጥሩን መኪናው ውስጥ አስቀምጬ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ እወርድና እይዘዋለሁ፣ እለቀዋለሁ፣ እንደገና እይዘዋለሁ። በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ። ሳላይ ስይዘው ሦስቱ አንጓ ራሱ ሲመጣ ነው ወደ ኳስ የተመለስኩት። አያያዙን ደግሞ እንዳልከኝ፣ ጫጩት እንደያዝክ፣ እንዳታመልጥህም እንዳታፍናትም። አንቄ ስይዘው ክንዴ ይደርቅና እጄ ሰዓት ከሚታሰርበት ላይ አይዞርም፣ ያ ደግሞ ፊቱን መልሶ ይከፍተዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ልሟገትህ ነው። «ኳሷ የምትነሣው ዱላው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው» ትለኝ ነበር። የድሮ አስተማሪዎችም እንደዚያ ነበር የሚሉት። የኳሷን በረራ የሚለካው ራዳር ከመጣ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ኳሷ በአብዛኛው የምትነሣው የዱላው ፊት ወደሚያይበት ነው፣ የምትታጠፈው ደግሞ ፊቱና የዱላው መንገድ በተለያዩ መጠን ነው። ኳሷና ዱላው የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፣ ሁሉ ነገር እዚያች ላይ ያልቃል። ይህን ማወቄ በጣም ጠቀመኝ። አሁን ኳሷን ሳያት ትነግረኛለች። ወደ ግራ ተነሥታ ወደ ቀኝ ከታጠፈች ዱላዬ ከፊቱም ይበልጥ ወደ ግራ እየሄደ ነው። ገና ስትነሣ ወደ ቀኝ ሄዳ ጭራሽ ከራቀች ፊቱ ነው፣ እጄን አያለሁ። ሲያትል ስትሞክረው ንገረኝ፣ አሁንም የማትስማማ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ እንከራከራለን።

ከእጁ ቀጥሎ መንገዱ ነበር የቀረኝ። በቀን አሥር አሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ጀርባ አይዞርም። ጀርባ ካልዞረ ዱላውን በክንድህ ብቻ ታነሣዋለህ፣ ሲወርድ ትከሻህ ይቀድማል፣ ያው ከውጭ ወደ ውስጥ። አሁን ሬንጅ፣ መለማመጃው፣ ስደርስ መኪናው አጠገብ አምስት ደቂቃ ጀርባዬን አዟዙራለሁ፣ ወገቤን አፍታታለሁ፣ ዱላውንም እንደ ድሮው እስከ ላይ አልወስደውም፣ ሦስት አራተኛ ይበቃኛል። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ ሰውነቴን ማክበር አለብኝ። ፎጣ ደግሞ አጥፌ ከኳሷ በስተውጭ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀምጣለሁ። ከውጭ ከመጣሁ ፎጣውን እመታለሁ። የመጀመሪያው ቀን ፎጣው ስንት ጊዜ እንደበረረ አልቆጠርኩትም። በሦስተኛው ሳምንት አልተነካም።

ሌላ አንድ ነገር። የእግር ፓውደር ስፕሬይ ገዝቼ የድራይቨሩን ፊት ነጭ አደረግኩት። ስትመታ ኳሷ የነካችበት ቦታ ክብ ምልክት ይቀራል። የኔ ምልክቶች በሙሉ በዱላው ተረከዝ ላይ፣ ወደ ዘንጉ ተጠግተው ተደራርበዋል። ተረከዙ ላይ የተመታች ኳስ ደግሞ ለብቻዋ የስላይስ ሽክርክሪት ትጨምራለች። ለካ ኳሷ ላይ ተደግፌ እቆም ነበር። ግማሽ ጫማ ራቅ አልኩ፣ ኳሷን ከግራ ተረከዜ ውስጠኛ ጎን ፊት ለፊት አደረግኳት፣ ቲዋን፣ ኳሷ የምትቀመጥባትን ችካል፣ ከፍ አደረግኳት፣ የኳሷ ግማሽ ከድራይቨሩ አናት በላይ እስኪታይ። ምልክቶቹ ቀስ በቀስ ወደ መሀል መጡ። ያንን ነጭ ፊትና መሀሉ ላይ ያለችውን አንዲት ንጹሕ ክብ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ እልክልሃለሁ።

መሀል ላይ ሁክ፣ ወደ ግራ መታጠፍ፣ መጥቶብኝ ነበር፣ አራት አንጓ ድረስ ሄጄ። አንዷን ቀነስኩ፣ ተወኝ።

እሑድ ላንግስተን ብቻዬን ሄድኩ። አናኮስቲያ ወንዝ ላይ ጭጋግ ነበር። መጀመሪያ ያመጣኸኝ ቀን ከመጀመሪያው መምቻ ቦታ አጠገብ አቁመህ ያጫወትከኝን አስታወስኩ። ሜዳው እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች ከነጮቹ ሜዳ ስለሚከለከሉ፣ የጥቁር ጎልፈኞች ማኅበራት ለዓመታት ሲወተውቱ ኖረው ነው። ሊ ኤልደርም ይህን ሜዳ ያስተዳድር ነበር፣ በ1975 ማስተርስ በሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር ላይ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር። «እዚህ ስትቆም ቀጥ ብለህ ቁም» ብለኸኝ ነበር። ሊ ኤልደር በ2021 ማረፉን ስሰማ ልደውልልህ ስልኩን ይዤ ነበር። ያንንም አልደወልኩም።

በአሥራ አራት ጉድጓድ ድራይቨር መታሁ፣ ስድስቷ ሜዳው መሀል ገባች። ሦስቷ ወደ ቀኝ ሄዳለች፣ አዎ፣ ግን ፈልጌ አገኘኋቸው። ሚያዝያ ላይ በዚያው ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ተጫውቼ ስምንት ኳስ ጠፍቶብኝ ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ ያቺ መጀመሪያ የነገርኩህ መጣች። ከመምታቴ በፊት ጎንበስ ብዬ እጄን አየሁና «ሦስት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ ማንም አልነበረም። ከዚያ ዝም ብዬ ስትሄድ አየኋት። «እሰይ» የሚለኝ ሰው ቸገረኝ።

አንተ እንዴት ነህ? ጀፈርሰን ፓርክ ትሄዳለህ? ታዋቂው ጎልፈኛ ፍሬድ ኩፕልስ ልጅ ሆኖ የተጫወተበት ሜዳ አጠገብ ቤት አገኘሁ ብለህ የተደሰትክበትን ቀን አስታውሳለሁ። ልጆቹ አደጉ አይደል? ትልቁ ይጫወታል? የእናትህስ ጤና? ሁሉንም ንገረኝ፣ አታሳጥርብኝ።

ሐሙስ ማታ ሥራ የለኝም። በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ። ባታነሳ አልቀየምህም፣ መብትህ ነው፣ ዓርብ ደግሜ እደውላለሁ፣ ቅዳሜም። ከዚያ በፊት ግን የአንተን አመታት ቪዲዮ ላክልኝ። ከፊት ለፊት ይቀረጽ፣ ግራ እጅህ እንዲታይ። አንጓህን ልቁጠረው።

ወንድምህ