የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ውሃ ያጠረው የሩዝ ሥር

የሳይንስ ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን አብዛኛውን ጊዜውን ያዋለው ውሃ በማይተኛበት ማሳ የሚዘራ ሩዝ እርጥበት ሲያጥረው ሥሩ ምን እንደሚሆን በማጥናት ነው። የፎገራ ሜዳ ዝቅተኛ ክፍል የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ስለሚያጥለቀልቁት ለሩዝ የተመቸ ሲሆን፣ ከሜዳው ዳር ከፍ ብለው የሚገኙት ማሳዎች ግን የዝናብ ጥገኞች ናቸው፤ ጥያቄውን ያነሡትም ከእነዚሁ ማሳዎች አካባቢ የመጡ አባሎቻችን ናቸው።

ለሙከራው የመረጥነው የአፍሪካና የእስያ ሩዝ ተዳቅለው ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ የሆነውን ኔሪካ-4ን ነው። ዝናብ እንዳያውከን በየካቲት፣ ለሁለት ተሰንጥቀው መልሰው በሽቦ በታሰሩ የፕላስቲክ ቱቦዎች ውስጥ ዘራነው። ከፊሎቹ ቱቦዎች ዘወትር ይጠጡ ነበር፤ ከፊሎቹ ቡቃያው ከጠና በኋላ ውሃቸው ቀስ በቀስ ተቀነሰ፤ በጥቂቶቹ ደግሞ የመካከለኛው አፈር በእንጨት ተደቅድቆ እንዲጠጥር ተደረገ።

ቱቦዎቹን ከፍተን ሥሮቹን በጥንቃቄ ስናጥብ፣ በደንብ የጠጡት ሥራቸውን ከላይኛው አፈር ላይ አብዝተው አገኘናቸው። ውሃ የተቀነሰባቸው አጠር ያለ ቁመትና ጥቂት ቅጠል ቢኖራቸውም፣ እርጥበቱ ወደ ቀረበት ወደ ታችኛው አፈር የወረዱ ሥሮች ነበሯቸው። ተክሉ ሲጠማ ሥሩ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ቅጠሉ የአየር ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ይጠቀለላል፤ የቅጠሉ እድገት ከሥሩ ቀድሞ ስለሚቀንስም ከምግቡ የሚበልጠው ድርሻ ለሥሩ ይተርፋል።

ሆኖም ጥማት ብቻውን ሥርን አያጠልቅም፤ አባሎቻችን ይህን ማስተዋላቸውን ከዓመቱ ሥራ ሁሉ አስበልጬ አያለሁ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረጉት፣ ከፊሊፒንስ የደረቅ መሬት ሩዝ ከኪናንዳንግ ፓቶንግ የተገኘው ዲአርኦ1 የተባለው ዘረመል ሥር ወደ ታች የሚያዘነብልበትን አቅጣጫ ይወስናል። ዘረመሉ ሥሩ ወደ ጎን ወደሚዘረጋው፣ አይአር64 ወደተባለው የሩዝ ዝርያ ሲተላለፍ ሥሩ ጠልቋል፤ በድርቅም የተሻለ ምርት ሰጥቷል። ዝርያው ጥልቅ ሥር ያለው ቢሆን እንኳ አፈሩ መንገድ ሊሰጠው ይገባል፤ አፈራቸው በተደቀደቀባቸው ቱቦዎቻችን ሥሩ ጠጣሩ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ታጥፎ ቀርቷል፤ ከጠጣሩ በታች እርጥበት እያለ ቅጠሉ ከሌሎቹ ቀድሞ ተጠቀለለ። በሬ ሲረግጠውና ማረሻ በአንድ ጥልቀት ሲመላለስበት የኖረ ማሳ ከላይኛው አፈሩ በታች እንዲህ ያለ ጠጣር ንጣፍ ሊኖረው ስለሚችል፣ ክበቡ በመጪው ክረምት ፈቃደኛ በሆኑ ገበሬዎች ማሳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የሩዙ ሥር የት ላይ እንደሚቆም ለመለካት ዕቅድ አውጥቷል።