ቅኝት የሚያውቅ ሞጁል፦ የኤሌክትሮኒክስና ሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. የሥራ ዘገባ

የኤሌክትሮኒክስና ሙዚቃ ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሙሉ ትኩረቱን በአንድ ሥራ ላይ አድርጎ ቆይቷል። ሥራው ለሞጁላር ሲንተሳይዘር የሚሆን፣ በማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር) የሚመራና የሚገባለትን ቮልቴጅ ወደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ድምፆች እያስጠጋ የሚያወጣ ሞጁል መንደፍና መሥራት ነው። ባለፈው ዓመት ክበቡ በቮልቴጅ የሚታዘዝ ድምፅ አመንጪ ሠርቶ ስለነበር፣ ተማሪዎቹ አሁን ያንን ድምፅ በአገራችን ቅኝቶች የሚመራ ክፍል ሊጨምሩለት ተነሡ።

ሞጁላር ሲንተሳይዘር ድምፅ የሚያመነጨው፣ የሚያጣራውና የሚያጎላው ክፍል ለየብቻ ተሠርቶ በገመድ የሚገናኝበት መሣሪያ ነው። ክበባችን የተከተለው ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውንና ዛሬ ዩሮራክ በመባል የሚታወቀውን ልክ ነው። የፊት ሰሌዳው ቁመት 128.5 ሚሊሜትር፣ የወርዱ መለኪያ 5.08 ሚሊሜትር፣ ኃይሉም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 12 ቮልት ነው። በዚህ ሥርዓት 1 ቮልት በተጨመረ ቁጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ማለትም ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ኦክታቩ በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 83.3 ሚሊቮልት ይደርሰዋል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት በመሆኑም የ1 ሴንት ድርሻ 0.83 ሚሊቮልት ብቻ ነው።

የዓመቱን ሥራ ሁሉ የመራው ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። ክራር የምትጫወት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ክራሯን በጆሮዋ አምባሰል ከቃኘች በኋላ በስልክ መቃኛ ስንለካው፣ አንዳንዶቹ ክሮች ከኪቦርዱ ቁልፎች ጥቂት ሴንቶች ወጣ ብለው ተገኙ። የሙዚቃ መምህራችን ይህ ልዩነት የቅኝቱ ጠባይ አካል ስለሆነ ሊጠበቅ እንደሚገባው ለተማሪዎቹ አስረዱ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች በአንድ ሴንት ገደማ እርምጃ ከፍና ዝቅ ሊደረጉ የሚችሉበት ሞጁል እንዲሠራ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ የመጣ የዕቃ ምርጫ ሁሉ ድምፁን በስንት ሴንት እንደሚያዛንፍ እየተሰላ ነው የተወሰነው።

የመጀመሪያው ክርክር በማይክሮኮንትሮለሩ ላይ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ራስበሪ ፓይ ፒኮ እስከ 133 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ኮሮች ያሉት ሲሆን ቮልቴጅ የሚያነበውም በ12 ቢት፣ ማለትም በ4096 እርከን ነው። በቤተ ሙከራችን ያለው አርዱዪኖ ናኖ ግን በ16 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ንባቡም 10 ቢት ነው። በቁጥር ሲታይ ፒኮ ስለሚበልጥ ብዙዎቹ ተማሪዎች እሱን መረጡ። ሆኖም የሞጁሉ መግቢያ የሚጠበቅበት የመጣው ቮልቴጅ ለየትኛው ድምፅ እንደሚቀርብ መለየት ብቻ ነው። ናኖ 5 ቮልትን በ1024 እርከን ከፍሎ ሲያነብ አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ስለሚሆን፣ በአንድ ግማሽ ድምፅ ውስጥ 17 ያህል እርከኖች ይገኛሉ። ይህ ለመለየት ከበቂ በላይ ነው፤ ጥራት የሚፈለገው በመውጫው በኩል ነው። ይህን የመግቢያና የመውጫ ልዩነት በራሳቸው ስሌት የደረሱበት ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ፣ እኔ በበኩሌ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ግኝታቸው ነው።

ለመውጫው ሦስት አማራጮች ታዩ። ከማይክሮኮንትሮለሩ የሚወጣውን የፈጣን ምት ስፋት እየለዋወጡ በካፓሲተርና በሬዚስተር ማለስለስ ተጨማሪ ቺፕ አይጠይቅም። ነገር ግን የምቱ ከፍታ ከኃይል መስመሩ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ መስመሩ በመቶ አንድ ቢዛነፍ በ3 ቮልት ላይ 30 ሚሊቮልት፣ ማለትም 36 ሴንት ይሳታል። በመሆኑም ዲጂታል ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጠው ባለ 12 ቢቱ ኤምሲፒ4822 ተመረጠ። ይህ ቺፕ የራሱ የ2.048 ቮልት ማመሳከሪያ በውስጡ አለው፤ በእጥፍ ሲሠራም እስከ 4.096 ቮልት በ4096 እርከኖች ይሰጣል። አንዱ እርከን ልክ 1 ሚሊቮልት፣ በድምፅ ሲለካ 1.2 ሴንት ነው። ሦስተኛው አማራጭ ይህንኑ ቮልቴጅ በ2.5 አባዝቶ 10 ቮልት ገደማ ማድረስ ነበር፤ ነገር ግን እርከኑም አብሮ ወደ 3 ሴንት ስለሚሰፋ ተማሪዎቹ አልተቀበሉትም። አራት ኦክታቭ ለክራርም ሆነ ለማሲንቆ ዜማ ይተርፋል።

ይህ ምርጫ የማይክሮኮንትሮለሩንም ክርክር ዘጋው። ቺፑ በ5 ቮልት ሲሠራ አንድን ምልክት «አንድ» ብሎ ለመቀበል ቢያንስ የኃይሉን 0.7 እጅ፣ ማለትም 3.5 ቮልት እንደሚፈልግ በአምራቹ ሰነድ ተጽፏል፤ ፒኮ የሚያወጣው ደግሞ 3.3 ቮልት ነው። በቀጥታ ቢገናኙ ብዙ ጊዜ ይሠራሉ፤ ቢሆንም ሰነዱ ዋስትና የማይሰጠውን ነገር ይዞ መሄድ ተማሪን መጥፎ ልማድ ማስተማር ነው። መሐል ላይ ደረጃ ቀያሪ ቺፕ ማስገባት ይቻል ነበር። ናኖ ግን በ5 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ያለ ምንም አማላጅ ተገናኘ።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የመጨረሻዋ ሬዚስተር ናት። በመውጫው ላይ ገመድ በድንገት ቢነካካ ኦፕ-አምፑ (ቮልቴጁን አጠናክሮ የሚያወጣው ቺፕ) እንዳይጎዳ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይደረጋል። የሚቀበለው ድምፅ አመንጪ መግቢያ 100 ኪሎ ኦም ሲሆን ሁለቱ ቮልቴጁን ይካፈሉትና ከመቶ አንድ ያህል ይጎድላል። ተማሪዎቹ ይህን በመልቲሜትር ሲከታተሉ በ1 ቮልት ላይ ጉድለቱ 10 ሚሊቮልት ያህል ሆኖ ለጆሮም ብዙ አልታወቀም፤ በ4 ቮልት ላይ ግን ወደ 40 ሚሊቮልት ደረሰና ድምፁ ወደ አንድ ግማሽ ድምፅ እኩሌታ እስኪቃረብ ወረደ። በተመሳሳይ ገመድ ሁለተኛ ድምፅ አመንጪ ሲታከልበት ጉድለቱ ወደ 78 ሚሊቮልት አደገ፤ ዜማው ከፍ ባለ ቁጥር ባቲው ባቲ መሆኑን አጣ። መፍትሔው ኦፕ-አምፑ ውጤቱን ተመልሶ የሚያይበትን ሽቦ ከሬዚስተሩ በፊት ከነበረበት አንሥቶ ከሬዚስተሩ በኋላ ማገናኘት ነበር። ያን ጊዜ ኦፕ-አምፑ የጎደለውን ራሱ ያሟላል፤ ሬዚስተሩም የመከላከል ሥራውን ይቀጥላል። እንዳይንቀጠቀጥም ከራሱ መውጫ ወደ ኔጋቲቭ መግቢያው አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ታከለች። ኦፕ-አምፑ ቲኤል072 ሲሆን የራሱ ቋሚ መዛነፍ ጥቂት ሚሊቮልት ቢኖረውም፣ ቋሚ ስለሆነ በድምፅ አመንጪው መቃኛ ይስተካከላል። ከፍ ሲባል አብሮ የሚያድገውን ስሕተት ግን ይህ መቃኛ አያስተካክለውም።

በመግቢያው በኩል ከሌሎች ሞጁሎች የሚመጣው ቮልቴጅ ከዜሮ በታች ወይም ከ5 ቮልት በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሬዚስተርና ሁለት ሾትኪ ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ) ማይክሮኮንትሮለሩን ይጠብቁታል። የኃይል ገመዱ ተገልብጦ ከተሰካ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ 12 ቮልት ቦታ ስለሚለዋወጡ በሁለቱም መስመር ላይ ዳዮድ ገብቷል፤ የገመዱ ቀይ መስመር በኔጋቲቭ 12 በኩል እንደሚውልም በቦርዱ ላይ ተጽፏል። በየቺፑ እግር ሥር 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ተበይዷል።

ስለ ፊት ሰሌዳው ብዙ ተማሪዎች ትንሽ ስክሪን ይደረግ ብለው ነበር። አንድ ሙሉ ምስል በተለመደው የ400 ኪሎኸርዝ መስመር ወደ ስክሪኑ ለመላክ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ ሌላ ሥራ በዚያ መሐል የሚጠብቅ ከሆነም ድምፁ ከምቱ ይዘገያል። አራት ቅኝት ላለው መሣሪያ አራት መብራቶች ይበቃሉ። ትዝታንና ባቲን ከሜጀር ወደ ማይነር የሚያዞር ማብሪያ ማጥፊያ፣ እያንዳንዱን ድምፅ የሚያስተካክል አንድ ማዞሪያም አለ። የተስተካከለው ልክ ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋው የናኖ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ መብራት በሚቋረጥበት ቀን ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ክራር ተጫዋቿ ተማሪያችን ደጋግማ ተናግራለች።

ሞጁሉ እስከ ሰኔ ወር በእጅ በተበየደ ቦርድ ላይ ተጠናቅቆ በወላጆች በዓል ቀን ከክራሩ ጋር አብሮ ተሰምቷል። የታተመ ቦርዱ ሥዕል ዝግጁ ሲሆን፣ በኤምሲፒ4822 ውስጥ ያለው ሁለተኛ መውጫ ገና ሥራ አልያዘም። በ2018 ዓ.ም. በዚያ መውጫ ሁለተኛ ዜማ ለማውጣት ታቅዷል። የሰርኪት ሥዕሉና ኮዱ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ስለሚገኙ፣ ክበቡን መቀላቀል የሚፈልጉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በመስከረም ወር መጥተው ሊያዩአቸው ይችላሉ።