በሬዎቻችንን ላተረፋችሁልን ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ 10 ዓመት ያህል ማለፉ ከልቤ ያሳዝነኛል። ሰሞኑን ደመወዜ መግባቱን የሚናገር መልእክት ስልኬ ላይ ሲመጣ የእናቴ የሴፍቲኔት ካርድ ድንገት ትዝ አለኝ። በላስቲክ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ሴፍቲኔት ማለት ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ፣ ለአካባቢው ሥራ ሠርቶ፣ ክፍያ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የራያ ቆቦ ልጅ ነኝ። የ2007 ክረምት ዝናብ እንዴት እንደጠፋ ያገሬ ሰው አይረሳውም። ኤልኒኖ የሚለውን ቃል፣ ዝናብ የሚያዛባውን የባሕር ሙቀት ማለት ነው፣ እኛ ቤት ያኔ ነው በሬዲዮ የሰማነው። ማሽላችን ፍሬ ሳይዝ ደረቀ፤ አገዳውን ለከብት አጨድነው። በአገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። እኛ ቤት ግን ሌት ተቀን የሚወራው ስለ ቦራና ስለ ዳልቻ ነበር፤ ስለ ሁለቱ በሬዎቻችን።

ገበሬ ቤት ያደገ ይገባዋል። በድርቅ ጊዜ ሁሉም ከብቱን እየነዳ ገበያ ይወጣል። የበሬ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ሰማይ ይነካል። በሬህን ሸጠህ ስንት ወር ትበላለህ? በዓመቱ ዝናቡ ሲመጣ መሬት አለህ፣ የምታርስበት ግን የለህም። መሬትህን ለባለ በሬ እኩል ትሰጥና የምርትህ ግማሽ ይሄዳል። አባቴ ይህን ሁሉ እያወቀ ሁለት ጊዜ ዳልቻን ነድቶ ቆቦ ወረደ፤ ሁለቴም ልቡ እምቢ ብሎት ይዞት ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊሄድ ሲል ነው የሴፍቲኔቱ ክፍያ የደረሰው።

በመጀመሪያ የጎጣችን ሽማግሌዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሴፍቲኔት ውስጥ ማን ይግባ ማን ይቅር በተባለበት ስብሰባ፣ ሁሉም ቤት በተቸገረበት ሰዓት፣ የኛ ቤት እንዲመዘገብ የተናገራችሁት እናንተ ናችሁ። ያ ስብሰባ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አባቴ እስከ ዛሬ ያወራል። የቀበሌያችን ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) የነበርሽው እህቴ፣ በፀሐይ በእግርሽ እየዞርሽ ቤት ለቤት ስትጽፊ አይቼሻለሁ። አሁን የት እንዳለሽ አላውቅም፤ ይህን ካነበብሽ ግን የዚያ ቤት ልጅ ትምህርቱን ጨርሷል።

የመጀመሪያው ክፍያ ዘግይቶ ነበር። የት እንደተያዘ የነገረን የለም፤ እነዚያ ሳምንታት በጣም ከባድ ነበሩ። በዱቤ ዘይትና ዱቄት እየሰጡ ያሻገሩን ባለሱቁ ጋሼ፣ ወለድ አንድ ሳንቲም አልጠየቁንም። እድሜዎን ያርዝመው።

እናቴ ሆይ፣ አንቺንም በአደባባይ ላመስግንሽ። ሰው ተረጂ ሲል እሰማለሁ፣ ያመኛል። ሥራው ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ነበር። አምስት ነበርን፣ ስለዚህ 25 ቀን። አንቺና አባቴ ተካፍላችሁ ድንጋይ ተሸከማችሁ፣ እርከን ሠራችሁ። ያ ተራራ ዛሬ ሣር ለብሷል፣ ከብት የሚበላው ከዚያ እየታጨደ ነው። ላባችሁን አፍስሳችሁ ያገኛችሁት ብር ነው። መሥራት ለማይችሉት አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ መከፈሉም ትክክል ነበር፤ አያቴ ከነሱ አንዷ ነበረች።

ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ የመንግሥትም የለጋሾችም ገንዘብ ያለበት ፕሮግራም ነው። ግብር የከፈላችሁ፣ እዚህም ውጭም ያላችሁ፣ ብራችሁ የት እንደደረሰ ማወቅ ካለባችሁ እኛ ቤት ደርሷል። በ2008 ክረምት ዝናቡ ሲመለስ አባቴ የገዛ መሬቱን በገዛ በሬዎቹ አረሰ፣ ጤፍ ዘራ። እኔም ከ9ኛ ክፍል አላቋረጥኩም።

ትናንት ስደውልለት ይህን እንደምጽፍ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና የሁሉንም ስም አንድ በአንድ ጠራልኝ። ስማችሁን እዚህ አላወጣም፤ እሱ ግን ሰላም በልልኝ ብሏል።