የታሪክና የቅርስ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ፦ ኵርዓተ ርእሱ የት ደረሰ?

የታሪክና የቅርስ ክበብ በተጠናቀቀው የትምህርት ዘመን ሥራውን ሁሉ በአንድ ሥዕል ላይ አድርጎ ቆይቷል። ሥዕሉ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳየው ኵርዓተ ርእሱ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ ሠዓሊ እንደተሣለ ቢታመንም፣ ነገሥታቱ ለዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ስለሚሄዱና መኳንንቱ በፊቱ ስለሚምሉ የኢትዮጵያ ቅርስ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1744፣ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ በዛሬዋ ሱዳን ከነበረው የሰናር መንግሥት ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በወርቅ ተዋጅቷል። ለሁለተኛ ጊዜ የተማረከው መቅደላ ላይ ሲሆን እስካሁን አልተመለሰም።

ጥቅምት ላይ ሥራ ስንጀምር አባላቱ ስለ መቅደላ የነበራቸው መልስ «እንግሊዞች ዘረፉን» የሚል ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ሆኖም ቅርሱን የሚጠይቅ ወገን ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደውና በእነማን እጅ እንዳለፈ ማስረዳት ይጠበቅበታል። የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ያዋልነው ይህን ሰንሰለት በመከተል ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሠዉ ወደ አምባው ከገቡት መካከል የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ይገኝበታል። የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሲሸጥ ሆምስ ለሙዚየሙ ብዙ የብራና መጻሕፍት ገዛ፤ ኵርዓተ ርእሱን ግን ለራሱ አስቀረ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ስለ ሥዕሉ ግን ሊገኝ አልቻለም የሚል ምላሽ መጣ። በዚያን ጊዜ ሆምስ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር።

አባላቱን ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጣቸውና ያከራከራቸው ይህ ነው። ንግሥቲቱ ያውቁ ነበር ብለው የተነሡ ነበሩ፤ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ግን የቀረው የሆምስ ዝምታ ብቻ ሆነ። እኔም የምፈርደው በዚህ ዝምታ ላይ ነው፤ የአንድ አገር ንጉሥ በደብዳቤ የሚፈልገውን ሥዕል በቤቱ አስቀምጦ አለመናገር ከመውሰዱ የማይተናነስ በደል ነው። ሆምስ ሥዕሉ በእጁ እንዳለ ያመነው ዐፄ ዮሐንስ ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሆን፣ ፎቶግራፉ በ1905 በበርሊንግተን መጽሔት ታተመ። ሆምስ ከሞተ በኋላ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ለሐራጅ ቀረበ፤ በ1950 እንደገና ተሸጦ በአንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር እጅ ፖርቱጋል ገባ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የችሎት ክርክር አካሄድን። የኢትዮጵያን ወገን የያዙት ሰንሰለቱን በቅደም ተከተል አቀረቡ። ሥዕሉን የገዛውን ሰው ወገን የያዙት ደግሞ ሥዕሉ በግልጽ ሐራጅ እንደተሸጠ ተከራከሩ፤ ከዚያም አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ማስወሰዳቸውን አስታውሳ ሥዕሉ ቢመለስ ለማን እንደሚሰጥ ጠየቀች። ጥያቄው ከባድ በመሆኑ ዳኞቹ ውሳኔያቸውን ለሁለት ከፈሉት፦ መጀመሪያ ወደ አገሩ ይመለስ፤ በየትኛው ቤት እንደሚቀመጥ ግን ኢትዮጵያውያን በመካከላቸው ይምከሩበት። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ይህን ውሳኔ አስበልጣለሁ።

በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎብኝተን የጥንት ሥዕሎቹን ከኵርዓተ ርእሱ ፎቶግራፍ ጋር አነጻጽረናል። የሥዕል ክበብ አባላት ፎቶግራፉን አይተው የሣሉት ቅጂም በግንቦቱ ዐውደ ርእይ ከሰንሰለቱ ሰንጠረዥ ጋር ቀርቧል፤ ሁለቱም አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ።

በመጪው ዓመት ክበቡ በዚሁ ዘዴ ከመቅደላ የተወሰዱትን የብራና መጻሕፍት ይከታተላል። ግእዝ ማንበብ የጀመሩ ተማሪዎች በተለይ እንዲመዘገቡ እንጋብዛለን።