ቦምብ ያልፈነዳበት ድልድይ

ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስለ ባግዳዱ ድልድይ «ቦምብ ሳይፈነዳ ያን ያህል ሰው እንዴት ያልቃል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልዎ።

በሳዳም ዘመን የሺዓዎቹ የእግር ዚያራ (ወደ ኢማሞቻቸው መቃብር የሚደረገው ጉዞ) የታፈነ ነበር። በ1995 አሜሪካኖች ሲገቡ መንገዱ ተከፈተ፤ የኢራቅ ጦር ግን በአዋጅ ፈረሰ፣ ፖሊሱም ተበተነ። የ1907ቱ የሄግ ደንብ 43ኛ አንቀጽ አገር የያዘ ጦር ጸጥታውን እንዲያስከብር ያስገድዳል፤ በተግባር ግን ብዙው ጥበቃ ለሰፈር ታጣቂ ተተወ። ዚያራ ደግሞ ከድሬ ሼክ ሁሴን እንደሚያውቁት ቀኑም መንገዱም የታወቀ፣ እንግዳውን «ማን ነህ» ሳይሉ የሚያበሉበት ነው። ገዳዮቹ የተጠቀሙት በዚሁ ነው። የካቲት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ እኛ አድዋን ስናከብር እዚያ ዓሹራ፣ ሺዓዎቹ ለኢማም ሁሴን የሚያለቅሱበት ቀን ነበር፤ የኢማሙ መቃብር ያለበት ካርባላና የኢማም ሙሳ አልካዚም መቃብር ያለበት የባግዳዱ ሰፈር ካዚሚያ በአንድ ጠዋት ተመትተው ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ቀደም ብሎ የተያዘው፣ የሱኒ ታጣቂዎች መሪ የነበረው የዛርቃዊ ነው የተባለው ደብዳቤ ዓላማውን ገልጦታል፦ ሺዓውን መትቶ ሱኒው ላይ እንዲነሣ ማድረግ።

ድልድዩ የሆነው ነሐሴ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፣ የኢማም ሙሳ አልካዚም መታሰቢያ ቀን። ወረራው በወረቀት ካበቃ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወታደሩ ግን አልወጣም። ጠዋት ካዚሚያ ላይ ሞርታር ወድቆ ሰው ሞቷል፤ ፍርሃቱ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። ሕዝቡ በአኢማ ድልድይ ጤግሮስን ሲሻገር «አጥፍቶ ጠፊ አለ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፊተኛው ዞረ፤ ኋለኛው ምንም ሳይሰማ ይገፋል። በአንድ ካሬ ሜትር 4 ሰው ከሆነ እየተጋፋም ቢሆን ይራመዳል፤ 6 እና 7 ሲደርስ ግን ማንም በራሱ እግር አይሄድም፣ ግፊቱ እንደ ጎርፍ ይወስደዋል። «ተረጋግጠው ሞቱ» ይባላል እንጂ እንዲህ ባለ መጨናነቅ ብዙው የሚሞተው ቆሞ ነው፤ ደረቱ ተጨፍልቆ አየር መሳብ ያቅተዋል። የድልድዩ መደገፊያም ተገንጥሎ ብዙዎች ወንዝ ገቡ። የሞተው ወደ 1,000 ይጠጋል፤ ሴትና ሕፃንም ብዙ ነበረበት።

«ፍተሻ ይጥበቅ» ማለት ቀላል ነው። ፍተሻ ግን ሰልፍ ይፈጥራል፣ ሰልፉም ራሱ ዒላማ ይሆናል። ስለዚህ ፍተሻው ከመቃብሩ ርቆ፣ በብዙ በር ተከፋፍሎ ነው መሆን ያለበት፤ ድልድይና ጠባብ መግቢያ ላይ በፍጹም። መኪና ከዋዜማው ይታገዳል፤ መሄጃውና መመለሻው ይለያል። ሴት ፈታሾችም ያስፈልጋሉ፤ ዓባያ የለበሰችን ወንድ አይነካማ። ሐምሌ 21 ቀን 2000 ዓ.ም. ባግዳድ ውስጥ በተጓዦቹ መሃል ራሳቸውን ያፈነዱት ሴቶች ነበሩ።

ከድልድዩ ማዶ ያለው አዕዘሚያ የሱኒ ሰፈር ነው። የዚያ ልጆች ወንዝ ገብተው ሰው ሲያወጡ ውለዋል፤ አንዱ ሲያድን ሰጥሞ ቀረ። ድልድዩ ተዘግቶ ቆይቶ የተከፈተው ሕዳር 2 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው።

እማዬን ሰላም በሉልኝ። ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ