ጉዳዩ፦ ልጆቻችን ኪስ ስለገባችው ማንጎ ማንጎ የምትል ዕቃ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ሳምንት የጥበቃ ሠራተኛችን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሃይላይተር የምትመስል ነገር አግኝተው ቢሮ አመጡልኝ። የአይሲቲ መምህራችን ፍላሽ መስላቸው ኮምፒውተር ላይ ሰኳት። ምንም አልተከፈተም፤ ጫፏ ላይ ትንሽዬ መብራት ብቻ በራች። ሳሸታት የማንጎ ማስቲካ ትላለች። ጉዱን የነገረን ጠመኔ ሊወስድ የገባ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። "ቲቸር፣ ይቺ እኮ ቬፕ ናት" አለና አፉን በእጁ ያዘ።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሆኗ ነው። ከዚያ በኋላ ያነጋገርኳቸው ልጆች "እንፋሎት ነው፣ ውሃ ነው" ይላሉ። ውሃ አይደለም። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ኬሚካሎች፣ ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ኒኮቲን ነው። ባትሪው ቀጭን ሽቦ ያግላል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ልጁ ይስባል። ከሽቦው የኒኬልና የእርሳስ ብረቶች ብናኝ አብሮ ሊገባ ይችላል። ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ፎርማልዴይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። የእኛ ልጆች ሳንባ የለመደው የጦሳ ተራራን ንፋስ ነው!

እውነቱን ለመናገር፣ "ከሲጋራ ይሻላል" የሚባለው እንዲያው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ትምባሆ ስለማይቃጠል ብዙው መርዝ ይቀንሳል። ግን ይህ ለዓመታት ላጨሰ ትልቅ ሰው እንጂ ሲጋራ ነክቶ ለማያውቅ የ15 ዓመት ልጅ ምኑ ነው? የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ነው። ኒኮቲን ቶሎ ሱስ ያስይዘዋል፤ ትኩረቱንም ይበትናል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ "ሽንት ቤት ልሂድ" የሚል፣ ሲከለከል የሚነጫነጭ ልጅ ስናይ ስንፍና ይመስለን ነበር።

ሽያጩም ሕገወጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከልክሏል።

እቤት ሽታውን መለየት ይከብዳል። ቡና ተፈልቶ ሉባንጃ እየጨሰ ማንጎን ማን ይለያል? ስለዚህ ጃኬቱን አሽትቱ። ጫፉ ቀዳዳ ያለው "ፍላሽ" ካያችሁ ጠይቁ። ደረቅ ሳልም ካለ ችላ አትበሉ።

ዱላ ግን አታንሱ፤ አደራ። ሱስ የያዘውን ልጅ ዱላ መደበቂያ ያስለውጠዋል እንጂ አያስተወውም። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘበትን ልጅ አናባርርም፤ ወላጁን ጠርተን እንነጋገራለን። ዕቃዋን ካገኛችሁ እሳት ውስጥ አትጣሏት፣ ባትሪዋ ይፈነዳል። ከትንንሾቹም አርቁ። ፈሳሹን የጠጣ ሕፃን ቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት 3፡00 ሰዓት ኑ፤ እናቶች ብቻ ሳትሆኑ አባቶችም። ዕቃዋን አሳያችኋለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ መሳቢያው እስካሁን ማንጎ ማንጎ ይላል።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ፣ ደሴ